ጢስ የጠጣው ላፕቶፕ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ አትደነቁ፤ ሞፈር ይዞ የኖረ እጅ ብዕር ሲይዝ እንዲህ ነው። አገሬ ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ። ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ አርሳለሁ፣ ቆላው ላይ ባለችኝ ቁራጭ መሬት ማሽላ እዘራለሁ። የአገሬ ሰው “ፈንታ አፉ ሬት ነው” ይለኛል። እውነቱን ነው። ጎረቤቴ ሴት ልጁን ሲድር ሙሽራው ሰካራም መሆኑን እድምተኛው ፊት የነገርኩት እኔ ነኝ። የገዛ በሬዬን ገበያ አውጥቼ፣ ገዢው ጥርሱን ሲያይ “አትልፋ፣ አርጅቷል” ብዬ በሬዬን መልሼ የነዳሁ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። እውነትን መናገር ለእኔ ምግባር ሳይሆን እንደ ሳል የሚያመልጠኝ ነገር እንደነበር አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ጌትነት አንድ ልጃችን ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ተወና ውኃ ሊቆፍሩ ወደ እኛ አገር ከመጡ ሰዎች ጋር የቀን ሥራ ገባ። ከእነሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ያ ፈረንጅ “ይቺ ለእኔ አርጅታለች” ብሎ አንድ ትንሽ ላፕቶፕ ለልጄ ሰጠው። ትንሽ ስላችሁ እውነትም ትንሽ ነች። ክዳኗ ሲገጠም የዳዊት መጽሐፍ ታህላለች፤ ክብደቷም ያው ነው። ጌትነት ቆዳ ፍቆ እንደ ዳዊት ማኅደር ሰፋላትና በትከሻው እያነገታት መሄድ ጀመረ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ “ጌትነት፣ ድቁና ተቀበልክ እንዴ?” እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱም “አዎ፣ ቀዳሽ ካጣችሁ ጥሩኝ” ይላቸዋል።

በቀበሌያችን መብራት የለም። ወገዳ ገበያ በወጣ ቁጥር ቻርጅ አድርጎ ያመጣና ከእራት በፊት ይከፍትልን ነበር። ዘፈን የላት፣ ፊልም የላት። ያለባት አንድ ፎቶ ነው፤ ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት አንሥቶ ያስገባለት። ጌትነት ጉድጓዱ አጠገብ አካፋ ተደግፎ ይስቃል። ላፕቶፗ አሮጌ ስለሆነች ፎቶው ባንዴ አይመጣም፤ እንደ ሰሌን ከላይ ወደ ታች እየተዘረጋ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ዓይኑ። እናቱ የሺ ጥርሱ ላይ እስኪደርስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ሲደርስ “ይኸው! የአባቴን ጥርስ ይዞ የለ!” ትላለች፣ በየጊዜው አዲስ እንዳየች። እኔ ደግሞ “በቃ ዝጋት፣ ባትሪዋ ያልቃል” እላለሁ።

አንድ ቀን ቻርጀሯ ተቃጠለ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ “ስመለስ አሠራታለሁ” ብሎ ትቷት በመተማ በኩል ወጣ። ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ ተነሣ። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር በስልክ መልእክት ይልክልኝ ነበር፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ስልኬን ይዤ የተማሩ የጎረቤት ልጆች ደጅ እጠናለሁ። አንዷ ልጅ አንብባልኝ ስትስቅብኝ ተናደድኩና የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴን አጥፌ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ማንበብ ስችል የሚጽፍልኝ አልነበረም።

የነገረን አብሮት የነበረ የእስቴ ልጅ ነው፣ ደውሎ። በረሃው መሃል መኪናቸው ተበላሸ፤ ጌትነትን ውኃ ጥም ገደለው፤ አሸዋ አልብሰውት ሄዱ። ውኃ ሲያወጣ የኖረ ልጅ በውኃ ጥም ሞተ። እኔ አልፈጠርኩትም፤ እንዲህ ነው የሆነው።

በእኛ አገር ሬሳ ካልመጣ ለቅሶ የሚወጣው በሟቹ ዕቃ ነው። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው፣ ፈረስ ያለው ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው መሃል ይዞራል። የእኔ ልጅ ጠመንጃም ፈረስም አልነበረው። እህቴ ላፕቶፗን ከነማኅደሯ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ዞረች። አንዳንዱ “ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?” ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። አልቃሿ ግን ወዲያው ገባትና ገጠመች፦

ሬሳው በረሃ ነው፣ ዕቃው ግን በጃችን፤
ፊቱን ቆልፎበት ሄደብን ልጃችን።

እንደዚያ ቀን ሰው ሲያለቅስ አላየሁም። እውነቷን ነው። ሌላ ፎቶ አልነበረንም። አንዲት ጉርድ ፎቶ መታወቂያው ላይ ነበረች፤ እሷም አብራው አሸዋ ገብታለች።

ከለቅሶው በኋላ የሺ ላፕቶፗን ወስዳ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ሰቀለቻት፣ ከዘር ማሽላው ዛላ ጎን። ይህን ለከተማ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ሰው የማይጨክንበት ነገር፣ ለሚመጣው ዓመት የሚተርፍ ነገር፣ የሚቀመጠው ጢስ ላይ ነው። ጢስ የጠጣ ዘር ነቀዝ አይበላውም፣ አይጥ አይደፍረውም፣ እርጥበት አያሻግተውም። ሳጥን ውስጥ የሚገባ ልብስ ነው። ጎተራ የሚገባ የሚበላ እህል ነው። ዘር ግን ይሰቀላል። የሺ የሠራችው እናቷ፣ የእናቷም እናት ስትሠራ ያየችውን ነው። እሁድ እሁድ ቀና ብላ ታያታለች። “ደህና ነች” ትላለች። ስንት ክረምት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ሞላ ደወለ። ሞላ የጌትነት ጓደኛ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሞባይል ይጠግናል። በለቅሶው ጊዜ ላፕቶፗን በስልኩ አንሥቷት ነበር።

“አያ ፈንታ፣ ያቺ የጌትነት ላፕቶፕ አለች?”

“ወዴት ትሄዳለች? እግር የላት።”

“ቻርጀሯን የሚያውቅ ካለ ብዬ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስብ ሰው ነው። የእሷን ዓይነት ሲፈልግ ኖሯል። ቻርጀሯ አለው።”

“አሮጌ ምን ያደርግለታል? አዲስ መግዣ ቸግሮት ነው?”

“ኧረ አዲስም አለው። እንዲሁ ይወዳቸዋል።”

“እብድ ነው በለኛ።”

“እብድም ቢሆን ቻርጀሩ አለው፣ አያ ፈንታ። ሊመጣ ነው። ፎቶውን አውጥቶ ወረቀት ላይ ያትምልዎታል፤ እሱ የሚፈልገው ዕቃዋን ነው።”

ለየሺ ነገርኳት። በርጩማ ላይ ወጥታ በገዛ እጇ አወረደቻት፤ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችላትና እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት። ጉልበቷ ስለታመመ ያን መንገድ አትችለውም።

“ዕቃውን ይውሰደው” አለች። “አንተ ፊቱን ይዘህልኝ ና። ሌላ ምንም አልልህም። ፊቱን።”

ወገዳ አድሬ በጠዋት የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማሽላ የጫኑ ጆንያዎች ላይ ተቀምጬ ላፕቶፗን እንደ ጨቅላ ታቅፌ ሄድኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ “አባቴ፣ ዳዊቱን ይድገሙልን እንጂ፣ መንገዱ ያስፈራል” አለችኝ። “ይኼኛው አይደገምም” አልኳት።

የሞላ ሱቅ በርና ጠረጴዛ ብቻ ነው። ሰውየው ቀድሞኝ ደርሶ ተቀምጧል። ናትናኤል ይባላል፣ ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ። ጠረጴዛው ላይ የእኛኑ የምትመስል ሌላ ላፕቶፕ አስቀምጧል፤ ክዳኗ የተሰነጠቀ፣ ማጠፊያዋ የወለቀ፣ ከቁልፎቿም የጎደለ። ሲያየኝ ተነሥቶ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም።

“ይቅርታ አባቴ፣ ልያዛት?”

“ለመያዝ አይደል ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ የመጣኸው?”

ከማኅደሯ አወጣት። ወይፈን የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው አገላበጣት፤ ጎኗን ዳበሰ፣ ማጠፊያዋን ቀስ ብሎ ከፈተ ዘጋ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

“ማጠፊያዋ ጤነኛ ነው” አለ፣ ለራሱ። “አንድም ቁልፍ አልጎደለም። ይስሙ እስኪ።” በጣቱ ቁልፎቹን ተራ በተራ ነካቸው። ጠብ ጠብ ጠብ አሉ። “ይህ ድምፅ ዛሬ የለም።”

“ምኗ ነው እንዲህ ያሳበደህ?” አልኩት። “ሞላ እንደነገረኝ ከዚህ ስልኬ ያነሰ ነው ጉልበቷ።”

“ያነሰ ነው። የዛሬዎቹ ፈጣን ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ መልክ ናቸው። ይቺን የሠሯት ሰዎች ያን ጊዜ በግዙፉ የሚሠራውን ማሽን በእጅ በሚያዝ ነገር ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደተጨነቁ ስከፍታት ይታየኛል። አንዲት ብሎን እንኳ ያለ ምክንያት አልገባችም። እኔ ልጅ ሆኜ በሱቅ መስታወት በኩል ብቻ ነበር የማያት። ለእኛ ቤት የምትታሰብ አልነበረችም።”

“እንዳንተ ያለ ሌላ አለ?”

“በየአገሩ አለን። በኢንተርኔት ነው የምንገናኘው። አንዱ ክዳን ያገኛል፣ አንዱ ባትሪ ይፈታታል። አንዷን ያስነሣ ቀን ሁላችንም ደስ ይለናል።”

“ማኅበርተኛ ናችሁ በለኛ።”

“እንደ ጽዋ ማኅበር ማለት ነው” አለ ሞላ።

“ጠላ ከሌለው ምን ማኅበር አለው?” አልኩ። ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ከልጄ ሞት ወዲህ እንግዳ ሰው አስቆኝ አያውቅም ነበር። ይኼ ልጅ ያስነሣታል ብዬ አመንኩ። ማመኔ ነው የሚቆጨኝ።

ከዚያ ናትናኤል አፍንጫውን አስጠጋ። ፊቱ ተለወጠ። በጥጥ አልኮል ነክሮ ጎኗን ሲጠርግ ጥጡ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ወጣ። ሱቁ በሙሉ የእኔን ቤት ሸተተ፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ ኩበት፣ ጥላሸት።

“የት ነበር የተቀመጠችው?” አለ።

“ከምድጃ በላይ።”

“ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ማለትዎ ነው?”

“ከምድጃ በላይ። ተሰቅላ።”

“ለምን?”

“ነቀዝ እንዳይበላት።”

እየቀለድኩ እንደሆነ ፊቴን አየ። እንዳልሆነ ሲያውቅ ቻርጀሩን አውጥቶ ሰካላት። ሁላችንም ጠበቅን። አንዲት መብራት አልበራችም። ካቻቢቴውን አንሥቶ ብሎኖቿን ፈታ፣ በየቦታቸው ነጭ ወረቀት ላይ ደረደራቸው። ክዳኑን ሲያነሣ ውስጧ የጭስ መውጫ ይመስል ነበር። ጥላሸቱ በየቀዳዳው ገብቶ ከሙቀቱ ጋር ጋግሯል።

“የሰውነቷ ነገር ሌላ ነው” አለ። “እሱን አጸዳዋለሁ። ፎቶው ያለው እዚህ ውስጥ ነው።” ከክብሪት ቀፎ ከፍ የምትል ጠፍጣፋ ብረት አወጣ። ሃርድ ዲስክ ይሏታል። “ይቺን በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ አድርጌ እሞክራታለሁ። ከተሽከረከረች እናየዋለን።”

“ካልተሽከረከረችስ?”

“እስኪ እንያት።”

ገጠማትና የራሱን ላፕቶፕ አበራ። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ዶሮ ጭራ ጥሬ ስትለቅም እንደሚሰማው። ናትናኤል አጠፋት። በመዳፉ ይዞ አሞቃት፣ በጠረጴዛው ጠርዝ በስሱ መታ መታ አደረጋት፣ መልሶ ገጠማት። ቀጭ፣ ቀጭ። እንደገና። ሞላ ሱቁን ዘጋ። ውጭ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ሰው በሩን ሲደበድብ “ለቅሶ ላይ ነኝ!” አለው።

በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ አላስታውስም፣ ድምፁ ተለወጠ። ዥ...ው ብሎ መዞር ጀመረ። ናትናኤል እጁን አነሣ፣ ዝም በሉ እንደማለት። መስታወቷ ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ወረደ። የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ለእኔ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው።

“እዚህ ጋ ጌትነት የሚል አለ” አለ ናትናኤል፣ በሹክሹክታ።

“ክፈተው” አለ ሞላ። “ክፈተው፣ ክፈተው፣ ምን ትጠብቃለህ!”

ከፈተው።

ሰማዩ መጣ። በእኛ አገር የጥቅምት ሰማይ። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ዥው ይላል፣ ያቆማል፣ ቀጭ ይላል፣ ይቀጥላል። የአካፋው እጀታ ጫፍ ታየ። ከዚያ ፀጉሩ፣ ያ የማይበጠር ፀጉሩ። ከዚያ ግንባሩ። ልጅ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ የተፈነከተባት ጠባሳ ከፀጉሩ ሥር ታየች። እሷን ረስቻት ነበር። የልጄን ጠባሳ ረስቼው ነበር። ሞላ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣ ሰማሁ። ቅንድቡ መጣ፣ ግራና ቀኝ። ስቆ ስለነበር ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰቅሏል።

እዚያ ላይ ቆመ።

ከቅንድቡ በታች መስታወቷ ግራጫ ነው። ጠበቅን። ዲስኳ ቀጭ አለች፣ ቀጭ አለች፣ ከዚያ እንደ ቢላዋ የሚፋጭ ድምፅ አወጣችና ጸጥ አለች። ናትናኤል ምንም አልነካም። ሞላ “ና፣ ና፣ ና ወንድሜ” እያለ መስታወቷን በጣቱ ወደ ታች ይዳብሳል፣ ቀሪውን የሚያወርደው ይመስል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግንባሩም ጠፋ።

ናትናኤል እስከ ቀትር በኋላ ታገለ። አልዋሽም፣ እንደ ገዛ ወንድሙ ነው የታገለላት። በመጨረሻ ካቻቢቴውን አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ።

“አባቴ፣ ውስጧ ተፍቋል። ከእንግዲህ እኔም ሌላም ሰው የሚያወጣው ነገር የለም።”

“ጢሱ ነው?”

“ሙቀቱም ጢሱም።” ምርር ብሎት ቀጠለ። “ሳጥን ውስጥ ተጥላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሙሉውን ያዩት ነበር። እኔ እነዚህን ሳፈላልግ ሁልጊዜ ደህና ሆነው የማገኛቸው የተረሱት ናቸው። ባለቤቱ ይሞታል፣ ልጆቹ ዕቃ ቤት ወርውረዋት ይረሷታል፣ እሷ ደህና ትቆያለች። የሚበላሹት ሰው የሳሳላቸው ናቸው።”

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። እሱም አዝኖ ነው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የማየው የሺን ነበር፤ እሁድ እሁድ ቀና ብላ “ደህና ነች” ስትል።

ሞላ ስልኩን አመጣልኝ። ግንባሩ እዚያ አለ። ሰማይ፣ ፀጉር፣ ጠባሳ፣ ሁለት ቅንድብ።

“አያ ፈንታ፣ ይቺንም ቢሆን ፎቶ ቤት ወስጄ ላሳትምልዎት። ከምንም ይሻላል። ለእማማ የሺ ይዘውላት ይሂዱ።”

ብዙ አየኋት። እኔ ማን እንደሆንኩ ነግሬያችኋለሁ። ያየሁትን የምናገር ሰው ነኝ። ይህን ወረቀት ይዤ ቤቴ ብገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ “የቀረውስ?” ነው። የቀረው የት ሄደ? ፎቶው እዚያ ነበር ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከራሷ በላይ ደህና ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ በየቀኑ እሳት ባነደደች ቁጥር ከአገጩ ጀምሮ እየፋቀችው ኖራለች ማለት ነው። ልጇን በረሃው አንድ ጊዜ ገደለባት። እኔ ደግሞ ይህን ሰጥቻት በየቀኑ በገዛ እጇ ልታቃጥለው ነው።

“አጥፋው” አልኩት።

“ምን?”

“ከስልክህ አጥፋው።”

“አያ ፈንታ፣ ምን ነካዎት? ጌትነት እኮ ነው!”

“አውቃለሁ። አባቱ ነኝ።”

“ጓደኛዬ ነው! ለእርስዎ ባይሆን ለእኔ ትቀመጥልኝ። ለማንም አላሳይም። በእመቤቴ!”

“መካነ ኢየሱስ ላይ ለአንድ ሰው የታየ ነገር ወገዳ ሲደርስ ገበያ ያወራዋል። እናቱ ጆሮ ሲደርስ ‘የሺ የልጇን ፊት በጢስ አጠፋችው’ ተብሎ ነው የሚደርሰው። አጥፋው፣ ልጄ። እለምንሃለሁ።”

በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። ሞላም ያውቃል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እያለቀሰ፣ አንድ ጊዜ ነካው። ከዚያ ስልኩ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀው መሰለኝ፤ እንደገና ነካው። አለቀ።

ናትናኤል ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ላፕቶፗን መግጠም ጀመረ። ጥላሸቷን አንድ በአንድ ጠርጎ፣ ዲስኳን ወደ ቦታዋ መልሶ፣ ብሎኖቹን ከወረቀቱ ላይ እያነሣ አሠረላት።

“አትጠይቀኝም?” አልኩት። “የመጣኸው ለእሷ አይደለም? ክዳኗ ጤነኛ ነው ብለሃል።”

“ጤነኛ ነው።”

“ታዲያ?”

“አልጠይቅዎትም፣ አባቴ።” ማኅደሯ ውስጥ ከተታትና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ያ የሚወዳት ነገር ከእጁ ስትወጣ ጣቶቹ ወዲያው አልለቀቋትም። የተሰነጠቀችውን የራሱን ይዞ በማግስቱ በደብረ ታቦር አውቶቡስ ሄደ።

ቤቴ ስደርስ የሺ ደጅ ተቀምጣለች። ከሩቅ አይታኝ አልተነሣችም። እጄን ነበር የምታየው፣ ወረቀት ይዤ እንደሆነ። ማኅደሯን ተቀብላ ከፈተች፣ ላፕቶፗን አወጣች። ንጹሕ ነች፤ ትብለጨለጫለች። አሸተተቻት።

“አጥቧታል።”

“አዎ።”

“ፊቱስ?”

“ምንም የለም። ድሮውንም ሞታ ነበር። ልጁ ሳይሄድ በፊት፣ ቻርጀሯ የተቃጠለ ጊዜ አብራ ሄዳለች። ባዶ ነች አለ ሰውየው።”

“ገና ዱሮ?”

“ገና ዱሮ። አንቺ ሳትሰቅያት በፊት።”

ይህችን የመጨረሻዋን መናገር አልነበረብኝም። ማን ስለ መሰቀሏ ጠየቀኝ? ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ተሰማኝ። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። ከእኔ ጋር የኖረችበት ዘመን በሙሉ በዚያ አስተያየት ውስጥ ነበር።

“ጢሱ አይደለም?”

“አይደለም።”

“አንተም ፊቱን አላየህም?”

“አላየሁም።”

ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ክዳኗን ዳበሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦

“አንተ ሰውዬ፣ መዋሸት መቼ ተማርክ?”

“ርቦሃል፣ ግባ” አለችኝና ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል ሳንነጋገር ኖርን። ላፕቶፗን እሷ ስትሞት አብሬ ልቅበራት ፈልጌ ነበር፤ ቄሱ “ይኼ ሥርዓት አይደለም፣ አያ ፈንታ” አሉኝ። ልክ ናቸው። ላፕቶፗ እስካሁን ቤት አለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን እንደምትማሩ እኔ አላውቅም። ምክር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ ወደ እነሱ ሂዱ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠብኝን ብቻ ልንገራችሁ። አፌ ሬት መሆኑን ትቷል። አሁን ሰው በሬ ሲሸጥ ዝም እላለሁ፤ ልጅ ሲዳርም ዝም እላለሁ። ሰዎች “ፈንታ ሐዘን አለዘበው” ይላሉ። ሐዘን ማንንም አያለዝብም። እውነት የምለው ነገር ሁሉ የሰው አንገት ላይ የሚያርፍ ስለት መሆኑን ያን ቀን ሞላ ሱቅ ውስጥ ስላየሁት ነው። ውሸቱስ ጠቀማት ወይ? አልጠቀማትም፤ በአንድ እይታ አውቃዋለች። ታዲያ ያንን ግንባር ለምን አስጠፋሁት? ሞላ እስካሁን ሰላም አይለኝም። እኔም ብሆን አልልም ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ማንም ያልነገረኝ። የሺ ያን ፎቶ ዳግመኛ ሳታየው ሞተች፤ ልጇ እስከ መጨረሻው ቀን በዓይኗ ሙሉ ሆኖ፣ በአባቷ ጥርስ እየሳቀ ነበር የሚመጣላት። ስለ እሱ ሲወራ ከፊቷ አውቀው ነበር። እኔ ግን አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን ሰማዩ ይመጣል፣ ፀጉሩ ይመጣል፣ ጠባሳዋ ትመጣለች፣ ቅንድቡ ይመጣል። እዚያ ላይ ይቆማል።